ዘንቢል ይዞ ወደ ኢንተርኔት፦ ለስድስት ኪሎና ለአራት ኪሎ ተማሪ የኮምፒውተር ሥራ መመሪያ

የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ፣ የሴሚናር ወረቀቴን በማስረክብበት ቀን ጠዋት ስድስት ኪሎ አካባቢ ካሉት የፎቶ ኮፒ ቤቶች በአንዱ ወረፋ ያዝኩ። ተራዬ ሲደርስ ፍላሼን ሰጠሁ። ልጁ ሰክቶ ከፈተውና ፊቱን ወደ እኔ መልሶ፣ "እህቴ፣ ምንም የለበትም እኮ" አለኝ። አንገቴን አስግጌ አየሁ። ማታ ተኝተው ያደሩት ፎልደሮቼ የሉም፤ በቦታቸው ግርጌው ላይ ትንሽ ቀስት ያለበት አንድ ምልክት ብቻ ተቀምጧል። የሦስት ሳምንት ሥራዬ ያለው በዚያ ፍላሽ ላይ ብቻ ነበር።

ወረቀቱ በመጨረሻ ተገኝቷል፤ እንዴት እንደተገኘ በቦታው እነግራችኋለሁ። ከዚያ ጠዋት ወዲህ ግን አሠራሬን ከሥሩ ቀየርኩ። መብራት በሚሄድበት፣ ኔትወርክ በሚዳከምበት፣ የዳታ ጥቅል ሳይታሰብ በሚያልቅበት ኑሮ ውስጥ ያለ ተማሪ ሥራውን በአንድ ክር ላይ ማንጠልጠል የለበትም። እናቶቻችን ገበያ ሲወጡ የሚገዙትን አስበው፣ ዘንቢላቸውን አንጠልጥለው ይሄዳሉ፤ ሸምተው ይመለሳሉ፤ ወጡ የሚሠራው ግን ቤት ነው። ለእኔም ኢንተርኔት ገበያ ነው፤ ሥራው የሚሠራው ቤት፣ መስመሩ ተዘግቶ ነው። ከዚህ በታች ያለው በሙሉ ከዚህ አንድ ሐሳብ የተቀዳ ነው።

መጀመሪያ ቤቱን ማሰናዳት

ኮምፒውተራችሁ አሮጌ ቢሆንም አትጨነቁ። ጽሑፍ የሚያስጽፍ፣ ሠንጠረዥ የሚያሠራና ፒዲኤፍ የሚከፍት ከሆነ ለዲግሪ ትምህርት አብዛኛው ሥራ ይበቃል። ለማይክሮሶፍት ዎርድ የሚከፈል ገንዘብ ከሌላችሁ ሊብሬ ኦፊስን አንድ ጊዜ አውርዱ፤ ነፃ ነው፣ የዎርድ ፋይሎችንም ይከፍታል። ከማይታወቅ የቴሌግራም ቻናል የወረደ፣ ቁልፉ የተሰበረ ፕሮግራም ግን አትጫኑ። በነፃ ያገኛችሁ ቢመስላችሁም ዋጋውን የምትከፍሉት በፋይሎቻችሁ ነው።

ከዚያ ሦስት ነገሮችን አስተካክሉ። የመጀመሪያው የራስ ሰር ማስቀመጫው ነው። ዎርድ ሲጫን በየ10 ደቂቃው እንዲያስቀምጥ ተደርጎ ነው የሚመጣው። መብራት ሲሄድ 10 ደቂቃ ማለት አንድ ሙሉ አንቀጽ ነው። ፋይል፣ ከዚያ ኦፕሽንስ፣ ከዚያ ሴቭ የሚለውን ከፍታችሁ 10ን ወደ 2 ቀይሩት። ይህም ሆኖ ኮንትሮልና ኤስን አንድ ላይ የመጫን ልማድ ይኑራችሁ፤ አራት ነጥብ ባደረጋችሁ ቁጥር ጣታችሁ ራሱ ይሂድ።

ሁለተኛው የዳታ ሌባውን ማሰር ነው። ከስልካችሁ ለኮምፒውተሩ ዋይፋይ ስታጋሩ ዊንዶውስ ያልተገደበ መስመር ያገኘ መስሎት ማሻሻያዎቹን ከጀርባ ማውረድ ይጀምራል። ጥቅላችሁ ምንም ሳትሠሩ የሚያልቀው ብዙውን ጊዜ በዚህ ነው። ሴቲንግስ፣ ከዚያ ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት፣ ከዚያ ዋይፋይ ግቡና የስልካችሁን ስም ነክታችሁ "ሚተርድ ኮኔክሽን" የሚለውን አብሩት። ኮምፒውተሩ መስመሩ በልክ የሚከፈልበት መሆኑን ያውቃል፤ ትልልቆቹን ማሻሻያዎችም የግቢው ዋይፋይ እስኪገኝ ያቆያል።

ሦስተኛው ስልኩ ላይ ነው። የክፍላችን መረጃ ሁሉ የሚመጣው በቴሌግራም ስለሆነ ከመምህሩ ማስታወሻ ጋር የማይፈለግ ቪዲዮም አብሮ ይወርዳል። በቴሌግራም ሴቲንግስ ውስጥ ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ የሚለውን ክፈቱና በሞባይል ዳታ በራሱ ማውረዱን አጥፉ። የምትፈልጉትን ነክታችሁ ታወርዳላችሁ፣ የማትፈልጉት እዚያው ይቀራል።

ስለ ፋይል አሰያየም አንድ ነገር ብቻ ልበል። "የመጨረሻ" የሚል ስም አትስጡ። ከ"የመጨረሻ" በኋላ "የመጨረሻ የታረመ"፣ ከእሱ በኋላ "እውነተኛው የመጨረሻ" መምጣቱ አይቀርም፤ ከዚያም የትኛው ለመምህሩ እንደተላከ አይታወቅም። የትምህርቱን ስም፣ የረቂቁን ቁጥርና ቀኑን ጻፉ። በይዘቱ አማርኛ ቢሆንም የፋይሉን ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ብታደርጉት በየትኛውም ኮምፒውተር ያለ ችግር ይከፈታል።

መብራት ሲሄድ ደግሞ ሶኬቱን ንቀሉ። ኮምፒውተርን የሚያቃጥለው የመብራቱ መሄድ ሳይሆን ሲመለስ ይዞት የሚመጣው ኃይል ነው።

ዘርዝሮ መውጣት

መስመሩን ከመክፈታችሁ በፊት ወረቀት አውጡ፤ የምሬን ነው፣ ወረቀትና እስክሪብቶ። የምትፈልጉትን ጻፉ። የእኔ የአንድ ማክሰኞ ዝርዝር እንዲህ ይል ነበር፦ ስለ አዲስ አበባ የቤቶች ልማት ሁለት ጥናቶች፤ የስታትስቲክስ መምህሩ የላኩት የመልመጃ ፋይል፤ ለመምህርት የሚላክ ረቂቅ፤ የአንድ ነፃ የትምህርት ዕድል ማስታወቂያ ሙሉ ገጽ። አራት ነገር ነው። ዝርዝሩ ሲያልቅ መስመሩ ይዘጋል። ዝርዝር ሳይዙ የገቡበት ቀን እንዴት እንደሚያልፍ ሁላችንም እናውቀዋለን።

ጥቅል ስትገዙ ቸኩላችሁ አትምረጡ። በኢትዮ ቴሌኮም መስመር *999# ደውላችሁ ዝርዝሩን እስከ ታች አንብቡ፤ በቴሌብርም መግዛት ይቻላል። ሳፋሪኮም አዲስ አበባ ውስጥ በ2015 ዓ.ም. አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ አማራጩ ሁለት ስለሆነ ሁለት ሲም የሚይዝ ስልክ ያለው ሰው የአንዱ መስመር ሲዳከም በሌላው ይሠራል። ከባድ ነገር ለማውረድ የሌሊት ጥቅል ይሻላል፤ ማለዳ ለሚነሳ ሰው በተለይ።

የዳታን ሚዛን በአእምሯችሁ ያዙ። አንድ የጥናት ጽሑፍ 1 ወይም 2 ሜጋባይት ቢሆን ነው፤ በ1 ጊጋባይት በመቶዎች የሚቆጠሩ ጽሑፎች ይወርዳሉ። በዩቲዩብ በ1080 ጥራት የሚታይ የአንድ ሰዓት ትምህርት ግን ያንኑ 1 ጊጋባይት ጨርሶ ይጨምራል። ሰሌዳ ላይ የሚጻፈው እስከተነበበ ድረስ 360 ይበቃል። መምህሩ እያወራ ብቻ ከሆነ 144 ራሱ አይከፋም፤ የምትፈልጉት ድምፁን ነው።

የምትቀመጡበትን ቦታ እንደ ሥራው ምረጡ። የስድስት ኪሎው የኬኔዲ ቤተ መጻሕፍት፣ በ2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ ላይ የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ረጅም ሰዓት ተቀምጦ ለመጻፍ የሚሆኑ ናቸው። የጋራ ዋይፋይ ባለበት ሁሉ የእኔ ልምድ አንድ ነው፦ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ በደቂቃ የሚወርደው ፋይል ቀን 8 ሰዓት ላይ ሲንቀረፈፍ ይውላል። ማውረድ የጠዋት፣ መጻፍ የከሰዓት ሥራ ይሁን።

ስትፈልጉ የጥናት ጽሑፎችን ብቻ በሚፈልገው በጉግል ስኮላር ጀምሩ። ከርዕሱ በስተቀኝ ፒዲኤፍ የሚል ምልክት ካለ በነፃ ይወርዳል። ከሌለ ተስፋ አትቁረጡ፤ ከሥሩ "ኦል ቨርዥንስ" የሚለውን ንኩ። ገንዘብ የሚጠየቅበት ጽሑፍ ጸሐፊው በሚሠራበት ዩኒቨርሲቲ ገጽ ላይ በነፃ ተቀምጦ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። የአገራችንን ስሞች በእንግሊዝኛ ስትፈልጉ አጻጻፉን እየለዋወጡ መሞከር ግድ ነው፤ ሸዋ፣ ጎጃም፣ አዲስ አበባ እያንዳንዳቸው በሁለትና በሦስት ዓይነት ፊደል ተጽፈዋል።

በአማርኛ ስትፈልጉ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነገር አለ። ለእኛ "ዓለም"ና "አለም" አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን የተለያዩ ቃላት ናቸው። "ፀሐይ"፣ "ጸሐይ"፣ "ፀሀይ"፤ "ኃይል"፣ "ሃይል"፣ "ሀይል"፤ አንዱን ጽፋችሁ "አልተገኘም" ሲላችሁ የሌለ እንዳይመስላችሁ። ሀ፣ ሐና ኀን፤ ሰና ሠን፤ አና ዐን፤ ጸና ፀን እየቀያየራችሁ ሞክሩ። ይህን ባለማወቄ "በአማርኛ ምንም አልተጻፈበትም" ብዬ የተውኩት ርዕስ ነበረኝ። ተጽፎበት ነበር።

ያገኛችሁትን ገጽ ክፍት አድርጋችሁ አትተዉ፤ መስመሩ ሲዘጋ አብሮ ይጠፋል። ኮንትሮልና ፒን ተጭናችሁ በፒዲኤፍ አስቀምጡት። የጸሐፊውን ስም፣ ዓመቱንና የወረደበትን ቀን በዚያው ሰዓት ጻፉ፤ የዋቢ ዝርዝር በመጨረሻው ሌሊት ሲለቀም የሚያደርሰውን መከራ የቀመሰ ያውቀዋል። ኪዊክስ የሚባለውን ፕሮግራምም አንድ ቀን ጥሩ መስመር ስታገኙ ጫኑ፤ ዊኪፒዲያን ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል።

አማርኛ ስትጽፉ

ይህን ክፍል በጥሞና አንብቡልኝ፤ የተማሪ እንባ በብዛት የሚፈስበት ነው። ቤት በሚገባ የጻፋችሁት አማርኛ ፎቶ ኮፒ ቤት ሲከፈት የላቲን ፊደልና የምልክት ድብልቅ ሆኖ የሚመጣበት ምክንያት አለው። በድሮዎቹ የአማርኛ ፎንቶች (የፊደል ቅርጾች)፣ ለምሳሌ በቪዥዋል ግዕዝ፣ የተጻፈው "ለ" በኮምፒውተሩ ልብ ውስጥ "ለ" አይደለም፤ የ"ለ"ን ልብስ የለበሰ የላቲን ፊደል ነው። ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ልብሱ ይወልቅና የላቲኑ ገላ ይታያል። የኢትዮጵያ ፊደል ለዓለም ፊደሎች መለያ ቁጥር በሚሰጠው በዩኒኮድ ውስጥ የራሱን ቦታ ያገኘው በ1999 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ መለያ ቁጥር አለው፤ ኮምፒውተሩ በየትም ቦታ "ለ"ን "ለ" ብሎ ያውቀዋል።

ጽሑፋችሁ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ቀላል ፈተና አለ። አንድ መስመር ምረጡና ፎንቱን ወደ ታይምስ ኒው ሮማን ቀይሩት። አማርኛው አማርኛ ሆኖ ከቀረ ዩኒኮድ ነው። ወደ ላቲን ከተበታተነ አይደለም፤ ከመቀጠላችሁ በፊት ለውጡት። ፓወር ግዕዝ የምትጠቀሙ ሰዎች ፎንት ስትመርጡ ዩኒኮድ የሚል ስም ያለውን ምረጡ፤ ሁለቱም ዓይነት በአንድ ላይ ነው የሚመጣው። ኒያላ፣ ኢብሪማና አቢሲኒካ ሁሉም ዩኒኮድ ናቸው። ኪይማን የሚባለው ነፃ የመጻፊያ ፕሮግራምም ለአማርኛ ጥሩ ሰሌዳ አለው።

ሌላው አራት ነጥብ ነው። ብዙ ሰው ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ ነክቶ አራት ነጥብ ያደረገ ይመስለዋል። በስክሪኑ ላይ ተመሳሳይ ነው። መስመሩ ሲሞላ ግን አንዱ ጥንድ ከላይ ቀርቶ ሌላው ወደ ታችኛው መስመር መጀመሪያ ይወርዳል፤ ገጹም የተንጠባጠበ ይመስላል። አራት ነጥብ የራሱ አንድ ፊደል ነው። ቀድሞ የተጻፈውን ለማረም ኮንትሮልና ኤች ተጫኑ፤ ከላይ ሁለቱን ጥንድ፣ ከታች ትክክለኛውን አራት ነጥብ አስገብታችሁ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ቀይሩ። የእኔ 40 ገጽ ወረቀት በአንድ ንክኪ ነበር የጸዳው።

ለመተየብ ጣታችሁን ማለማመድም ቶሎ ጀምሩ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የመውጫ ፈተናው በኮምፒውተር የሚሰጥ ስለሆነ፣ ማውስ ለመያዝ የመጀመሪያው ቀን የፈተናው ቀን መሆን የለበትም።

ሦስት ቅጂ በሦስት ቦታ

አንዱ ኮምፒውተሩ ላይ፣ አንዱ ፍላሽ ላይ፣ አንዱ ከቤታችሁ ውጭ። ከቤት ውጭ ያለው ጉግል ድራይቭ ሊሆን ይችላል፤ 15 ጊጋባይት በነፃ ይሰጣል። እስከ 25 ሜጋባይት የሆነውን በጂሜይል ለራሳችሁ መላክም ይቻላል። እኔ ማታ ከመተኛቴ በፊት የቀኑን ረቂቅ በቴሌግራም ለራሴ "ሴቭድ ሜሴጅስ" ውስጥ እልካለሁ። የጽሑፍ ፋይል ስለሆነ ዳታው ኢምንት ነው፤ ቀኑም ከነሰዓቱ በራሱ ይመዘገባል። ኮምፒውተሩ ቢሰረቅም፣ ፍላሹ ታክሲ ውስጥ ቢቀርም የትናንቱ ሥራ አለ።

ፎቶ ኮፒ ቤት

ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት ዎርድ ይዛችሁ አትሂዱ። ቤት ሳላችሁ ወደ ፒዲኤፍ ቀይሩት፤ ፊደሉም፣ ሠንጠረዡም፣ የገጽ ቁጥሩም በነበረበት ይቆያል። ከቻላችሁ ፍላሹንም ተዉት። ብዙዎቹ ቤቶች ፋይል የሚቀበሉበት የቴሌግራም ስልክ አላቸው፤ ከራሳችሁ ስልክ ላኩላቸው። የራሳችሁን ቴሌግራም ወይም ኢሜይል እነሱ ኮምፒውተር ላይ ከመክፈት ይህ እጅግ ይሻላል። መክፈት ግድ ከሆነ ሥራው ሲያልቅ ዘግታችሁ መውጣታችሁን ራሳችሁ አይታችሁ ተነሱ።

ፍላሽ የግድ ከሆነ ለመንገድ ብቻ የሚሆን አንድ ትንሽ ፍላሽ ያዙ፤ የሚታተመው ፋይል ብቻ ይኑርበት። ሰፈር ለሰፈር የዞረ ፍላሽ ጉንፋን ከያዘው ሰው አይለይም። ቤት ስትመለሱ ሳትከፍቱ በዊንዶውስ ሴኩሪቲ አስፈትሹት።

አሁን የእኔን ፍላሽ ልጨርስላችሁ። ያቺን ባለ ቀስት ምልክት ልጁ ሊነካት ሲል ከኋላዬ የተሰለፈ አንድ ተማሪ "ወንድሜ፣ አትንካው" ብሎ ጮኸ። ቫይረሱ ፎልደሮቹን አያጠፋም፤ ይደብቃቸውና በቦታቸው ያችን ምልክት ያስቀምጣል፤ እሷን የነካ ሰው ቫይረሱን ወደ ኮምፒውተሩ ያስገባል። ተማሪው ቪው የሚለውን ከፍቶ የተደበቁ ነገሮች እንዲታዩ አደረገ። ምንም አልመጣም። ከዚያ ኦፕሽንስ ውስጥ ገብቶ "የተጠበቁ የሲስተም ፋይሎችን ደብቅ" የሚለውን ምልክት አነሳ። ስም የሌለው፣ የደበዘዘ አንድ ፎልደር ብቅ አለ። በውስጡ ሁሉም ነገር ነበር። እጄ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ከፍቶ ያሳየኝም እሱ ነው። ፋይሎቹን ብቻ ወደ ሌላ ቦታ ቀድተን ፍላሹን ፎርማት አደረግነው።

ከማሳተማችሁ በፊት ዋጋውን በገጽ ጠይቁ፤ ጥቁርና ነጭ፣ ባለ ቀለም፣ በሁለቱም ገጽ፣ ጥረዛው ስንት እንደሆነ። አንድ ገጽ አስወጥታችሁ ጠርዙን እዩ። ከዚያ ሁሉም ይውጣ። ጥርና ሰኔ ላይ ወረፋው እስከ በር ስለሚደርስ ከማስረከቢያው ቀን ሁለት ቀን ቀደም በሉ።

የይለፍ ቃል

አጭር ነው። ለኢሜይላችሁ ሌላ ቦታ የማትጠቀሙበት ረጅም የይለፍ ቃል ይኑራችሁ፤ በአማርኛ አስባችሁ በላቲን የምትጽፉት አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ለእናንተ ቀላል፣ ለሌላው ከባድ ነው። ከይለፍ ቃሉ ሌላ በስልካችሁ የሚመጣ ቁጥር የሚጠይቀውን ሁለተኛ ማረጋገጫም አብሩ። ስልክ ሲጠፋ ግን የማረጋገጫ መልእክቱ አብሮ ይጠፋል፤ ስለዚህ ጉግል የሚሰጣችሁን 10 የመጠባበቂያ ቁጥሮች ወረቀት ላይ ገልብጣችሁ ከትምህርት ማስረጃዎቻችሁ ጋር አስቀምጡ።

ቅጽ ስትሞሉ፦ ስም፣ ቀን፣ ሰዓት

የውጭ ቅጾች የተሠሩት የቤተሰብ ስም ላላቸው ሰዎች ነው። እኛ የራሳችን፣ የአባታችንና የአያታችን ስም ነው ያለን። አልማዝ ከበደ ወልዴ የምትባል ተማሪ አንዱ ቅጽ ላይ "ከበደ"ን፣ ሌላው ላይ "ወልዴ"ን የመጨረሻ ስም ብላ ብትሞላ ሁለት ሰው ትሆናለች። ፓስፖርት ካላችሁ በፓስፖርቱ ላይ ያለውን ተከተሉ፤ ከሌላችሁ አንዱን መርጣችሁ ሁሉም ቦታ እሱኑ ጻፉ። በላቲን የሚጻፍበት ፊደልም ከትራንስክሪፕታችሁ ጋር አንድ ይሁን፤ አንዲት "ኢ" ወይም "አይ" ብትለወጥ ደብዳቤ መጻጻፍ ይመጣል።

የልደት ቀን ስትቀይሩ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ድረስ ከተወለዳችሁ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ ከሆነ 8 ዓመት ትጨምራላችሁ። ወሩንና ቀኑን በመቀየሪያ አረጋግጡ። ቅጹ ወርን ከቀን ያስቀድም እንደሆነም እዩ፤ የአሜሪካኖቹ ያስቀድማሉ።

ሰዓቱ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። በፈረንጅ ሰዓት ማታ 11:59 ማለት በእኛ ከሌሊቱ 5:59 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 11:59 ብሎ ያነበበ ሰው በተዘጋ በር ፊት ይቆማል፣ ከቀኑ 11:59 ብሎ ያነበበ ደግሞ በከንቱ ይጨነቃል። ማስታወቂያው የግሪንዊች ሰዓት ካለ ደግሞ አዲስ አበባ በ3 ሰዓት ትቀድማለች፤ የእነሱ እኩለ ሌሊት የእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። የመዝጊያውን ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ቀይራችሁ ወረቀት ላይ ጻፉና ከጠረጴዛችሁ በላይ ለጥፉት።

መላኩን ግን ለዚያ ሌሊት አታቆዩት። ከአንድ ቀን በፊት ጠዋት፣ መስመሩ ቀጥ ባለበት ሰዓት ላኩ። መልሶቹን ቅጹ ላይ አትጻፉ፤ ዎርድ ላይ ጽፋችሁ አንድ በአንድ ለጥፉ፣ ገጹ ቢዘጋባችሁ ከመጀመሪያው እንዳትጀምሩ። "ተልኳል" የሚለው ገጽ ሲመጣ የስክሪኑን ፎቶ አንሱ፤ ቁጥሩና ሰዓቱ እንዲታይ አድርጋችሁ። ፎቶውን ከሌሎቹ ቅጂዎች ጋር አስቀምጡና መስመሩን ዝጉ።